መብራት ለጎረቤት እንሸጣለን፣ እኛ ሰፈር ይጠፋል፤ የአገሮች ትብብር ጥቅሙ የት ነው የሚያርፈው?

የቱሉ ነዋሪ (ክሩን የከፈተ) · ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡20

ሰላም ለዚህ ቤት።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። የፓርቲ ጉዳይ አይደለም። ወደዚያ የሚወስደው ሰው ካለ ከወዲሁ ይተወኝ።

እኛ ቱሉ ዲምቱ ያለን ሰዎች የአገሪቱ ዋና በር ላይ ነው የምንኖረው። የአዳማው ፈጣን መንገድ ክፍያ ጣቢያ እዚሁ ነው። ወዲህና ወዲያ ቃሊቲ ደረቅ ወደብ፣ የገላን መጋዘኖች፣ እንዶዴ የባቡር ጣቢያ። ከውጭ ከምናስገባው ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው በጅቡቲ ነው። ብዙው ደግሞ በእኛ ጎን እየተንጓጓ ያልፋል። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳንም እሱ ነው።

ዜና ስትከፍቱ ቀጠናዊ ትስስር፣ የጋራ ተጠቃሚነት ይባላል። ለኬንያ መብራት፣ ለሱዳን መብራት፣ ለጅቡቲ መብራትም ውሃም። ጥሩ ነው። ጎረቤቴ ይጨልምበት የምል ሰው አይደለሁም። ግን ባለፈው የብሎካችን ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ቀናት በሻማ አደርን። ሊጡ ከሚገባው በላይ ኮመጠጠና ተደፋ። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሁሉ ተበላሸ። አንዷ ጎረቤታችን እንጀራ ጋግራ ለሱቆች በማስረከብ ነው ልጆቿን የምታሳድገው። የእሷን ኪሳራ ማንም አልጠየቃትም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። አገሮች ተስማምተው መስመር ሲዘረጉ ጥቅሙ የት ነው የሚያርፈው? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው? ከመግለጫ ሳይሆን ከምታውቁት ተነስታችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ሽቦው · ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡05

ወንድሜ፣ የመብራት ሰው ነኝ፣ ልመልስልህ። ንዴትህ ልክ ነው። ጥፋተኛ ያደረግከው ግን ሌላ ሰው ነው።

የኬንያው መስመር ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ድረስ 1,045 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። 500 ኪሎ ቮልት ነው፣ ቀጥተኛ ከረንት። እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል። ሥራ የጀመረው ኅዳር 2015 ላይ ነው። ውሉ ግን ለመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት 200 ሜጋ ዋት ብቻ ነው የሚለው። ከዚያ ወደ 400 ያድጋል። ሕዳሴ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ የእናንተን ብሎክ ያጨለመው የኬንያ ድርሻ ነው ማለት አያስኬድም።

የእናንተ ችግር ጫፉ ላይ ነው። ጋኑ ሙሉ ነው፣ ቧንቧው ቀጭን ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ቅዳሜ ጠዋት ብሎኩ በሙሉ ምጣዱን ሲለኩስ አስበው። ላዩ ላይ ምድጃ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ ታች ደግሞ ብረት የሚበይድ ሱቅ። ትራንስፎርመሩ ሲተከል የታሰበው ጭነትና ዛሬ ያለው አይተዋወቁም።

ለኬንያ የምንሸጠው በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ዶላር ነው የሚገባው። ከውጭ የሚመጣ ኬብልና ብሬከር የሚገዛውም በዶላር ነው። ሽያጩ ቢቆም አንተ ቤት ያለው መብራት የሚሻሻልበት መንገድ አይታየኝም።

እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ እስካሁን ከዋናው መስመር መብራት አያገኝም። ምሰሶው እርሻው ላይ ቆሞ ማታ ኩራዝ የሚያበራ ገበሬ አለ። ከዚያ ሽቦ ቀጥል እንዳትለው፣ አይቻልም። የ500 ኪሎ ቮልት ቀጥተኛ ከረንት ወደ ቤት ለማውረድ የመቀየሪያ ጣቢያ ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ በጣም ውድ ነው። መስመሩ በላዩ ያልፋል እንጂ አይደርሰውም። ፍትህ ከተባለ እዚያ ጋ ነው የሚጠየቀው።

ሰፈሩ_ጨለማ · ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡11

ስለዚህ ሻማ እያበራን ዶላሩን እንጠብቅ ነው የምትለው? 😂

ሽቦው · ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡18

አይደለም። ዶላሩ ከገባ በኋላ ምን ላይ እንደዋለ ጠይቁ ነው የምለው። ለምሳሌ ከዓመቱ የውጭ ሽያጭ ገቢ ስንቱ ወደ ማከፋፈያ እድሳት ሄደ? ይሄ በግልጽ የሚነገር ቁጥር መሆን አለበት። እሱን የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገጥመኝም። "ለምን ለኬንያ ሰጣችሁ" የሚለውን ግን በቀን አሥሬ እሰማለሁ።

ጋሼ ተሳቢ · ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡40

ልጆች፣ እኔ ከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ቤቴ አቃቂ ነው። ይሄን መስመር ከአሰብ ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

እስከ 1990 ድረስ ብዙው ጭነት የሚነሳው ከአሰብ ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ መኪናው ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። አንድ ሳምንት ያሰብከው መንገድ በሌላው ሳምንት የለም። የምናውቃቸው ሰዎች፣ የምንበላበት ቤት፣ ብድር ያለብን ሱቅ፣ ሁሉም እዚያው ቀረ። መንግሥታት ሲጣሉ መጀመሪያ የሚቆረጠው ይሄ ነው። የማትጽፉት፣ ዜና ላይ የማይወጣው።

አሁን ያለው መንገድ ከቃሊቲ ሞጆ፣ አዳማ፣ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ፣ ዲቼኦቶ፣ ጋላፊ ነው። ከዚያ ኬላውን አልፈህ በዲኪል አድርገህ ጅቡቲ ከተማ ጫፍ ያለው የመኪና ማቆሚያ፣ ፒኬ 12 ትደርሳለህ። እዚያ ወረፋ ነው። ሙቀቱን ለማያውቅ ሰው መንገር ከንቱ ነው። ከመኪናው ሥር ገብተህ ነው የምትተኛው።

በኅዳር 2014 ጦርነቱ ወደ ሚሌ ሲጠጋ የኛ ቤተሰብ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። ጭነቱን አውርደን ስንመለስ መንገዱ ይኑር አይኑር የሚያውቅ አልነበረም። በጥቅምት 2015 መጨረሻ ፕሪቶሪያ ላይ ሲፈራረሙ ሚስቴ እልል አለች። ያደራደረው የአፍሪካ ኅብረት ነው። ሰዎች ኅብረቱን ሕንፃ ብቻ ነው ይላሉ። ይበሉ። ለእኔ ሰላም ማለት ሚሌን በቀን ማለፍ ነው።

እንግዲህ ጠያቂው "ጥቅሙ የት ነው የሚያርፈው" ብሏል። እውነቱን ልንገርህ ልጄ። ሁለቱ አገሮች ስለ ኮንቴነሩ በደንብ ተስማምተዋል። ቁጥሩ ይታወቃል፣ ማሸጊያው ይታወቃል፣ በስንት ቀን መውጣት እንዳለበት ይታወቃል። ስለሚነዳው ሰው ግን የተስማሙት ጥቂት ነው። ጥላ፣ ሽንት ቤት፣ ሲታመም የሚሄድበት ክሊኒክ። በኮቪድ ጊዜ ጋላፊ ላይ ስንሰለፍ በሽታ ይዘን የመጣን ይመስል የሚሸሸን ብዙ ነበር። ዘይትና ስንዴውን ግን ማንም አልሸሸውም።

የድሬ ልጅ · ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡58

ጋሼ እጅ ነሳሁ።

እኔ ደግሞ የምድር ባቡር ቤተሰብ ነኝ፣ አሁን ለቡ ነው የምኖረው። ይሄ "ቀጠናዊ ትስስር" የሚሉት ነገር ለድሬ ሰው አዲስ አይደለም። ግንባታው ከጅቡቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ድሬ አካባቢ ሲደርስ ከተማ ተቆረቆረ። አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ሀዲዱ አንድ ሜትር ስፋት፣ ፍጥነቱ በግመል የሚያስቀና (ይቅርታ፣ አያቴ ቢሰሙኝ ይቆጡኛል)።

ግን በየጣቢያው ይቆማል። ሴቶች ቲማቲም ይዘው ይወጣሉ፣ ብርቱካን ይዘው ይወርዳሉ። ኮንትሮባንዱንም አንካድ። አዲሱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የኤሌክትሪክ መስመር ነው፣ ፈጣን ነው፣ ንጹህ ነው። ለጭነት የተሻለ እንደሆነ አልከራከርም። ግን ብዙ ቦታ ጣቢያው ከከተማው ራቅ ይላል። ቲማቲም የያዘች ሴት እዚያ ድረስ በባጃጅ ከፍላ ሄዳ ምን ታተርፋለች? አሮጌው ባቡር ድሃውን ይጭን ነበር። ይሄኛው ኮንቴነር ይጭናል።

ኢኮ · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡30

የመጨረሻዋ አባባል ትንሽ ተጋናለች የድሬ ልጅ። ኮንቴነሩ ውስጥ ያለው ማዳበሪያ ለገበሬው ነው፣ መድኃኒቱም ለሁላችንም ነው። ግን ነጥብህ ገብቶኛል።

ስለ ባቡሩ ዕዳ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ትብብር ሲባል አበዳሪውም አለበት። የግንባታው ትልቁ ገንዘብ የቻይና ብድር ነው። መጀመሪያ በ10 ዓመት እንዲከፈል ነበር የታሰበው። እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 30 ዓመት ተራዘመ። ይሄ ማለት ዛሬ ቱሉ ዲምቱ የተወለደ ሕፃን ትምህርት ጨርሶ ሥራ ሲይዝም ገና እየተከፈለ ሊሆን ይችላል። ያ ልጅ ከባቡሩ ምን አገኘ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሌላው ሰው የሚረሳው ነገር፣ የዚህ ቀጠና ትብብር የተጀመረው በንግድ አይደለም። በረሃብ ነው። የቀጠናው አገሮች ድርጅት ኢጋድ የተመሠረተው በ1978 ነው፣ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ማግስት። ያኔ ስሙ ራሱ ድርቅን የሚጠቅስ ነበር። በ1988 ሰላምንና ንግድን ጨምሮ በአዲስ መልክ ተዋቀረ። ብዙ ነገር አልሠራም ብላችሁ ብትወቅሱት አልቃወምም። ሱዳን እንዲህ እየነደደች ሊያስቆም አልቻለም። ግን ናይሮቢ አቅራቢያ ያለው የአየር ትንበያ ማዕከሉ በየወቅቱ የዝናቡን ሁኔታ ለአባል አገሮች ያወጣል። በ2012 አንበጣው ከየመን ተነስቶ በሶማሊያ በኩል ሲመጣ ብቻህን መከላከል አትችልም ነበር። አንበጣ ፓስፖርት አይጠይቅም። ሶማሌ ክልል ላይ ብትረጭ ከድንበሩ ማዶ ካልተረጨ ተመልሶ ይመጣል። የምሥራቅ አፍሪካው የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

አወያይ · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡41

ክሩ ጥሩ ይዟል፣ እንዲህ ይቀጥል። ሁለት ማሳሰቢያ። ብሔር እየጠቀሰ የሚሳደብ ይወጣል፣ ሁለት መልእክት አጥፍቻለሁ። ሁለተኛ፣ "ድር ቢያብር" የምትለዋን ተረት እስካሁን ሦስት ሰው ጽፏታል። አራተኛው ይታገዳል።

አራሹ ልጅ · ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡50

እንደምን አደራችሁ። ማታ ሳነበው ነበር፣ ለመጻፍ አላስቻለኝም።

ስለ መስመሩ ብዙ ተባለ። እኔ መስመሩ ስላረፈበት መሬት ላውራ። አባቴ በገላን በኩል ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ ያርስ ነበር። መሬታችን ለልማት ተወሰደ። የማን ልማት እንደሆነ አልናገርም፣ ጉዳዩ እሱ አይደለም። በዚያ አካባቢ የእኛ ታሪክ የብዙ ቤት ታሪክ ነው።

ያኔ ሥራ ላይ የነበረው የካሳ አዋጅ 455/1997 ነው። በቋሚነት ለተነሳ ገበሬ የመፈናቀያው ካሳ የሚሰላው ባለፉት 5 ዓመታት በአማካይ በዓመት ያገኘው ገቢ በ10 ተባዝቶ ነው። በኋላ የመጣው 1161/2011 ማባዣውን ወደ 15 አሳደገው፣ ካለፉት 3 ዓመታትም ከፍተኛውን ይይዛል። ተሻሽሏል። ግን ለአባቴ አልደረሰም።

አሁን በዚያ ብር ምን ይደረጋል? አባቴ ማረስ እንጂ መነገድ አያውቅም። ግማሹ ለቤት ሥራ ሄደ፣ የቀረውን ዘመድ አዝማድ ተበደረው፣ ትንሽ ትንሽ እያለ አለቀ። ታላቅ ወንድሜ ዛሬ ዘበኛ ነው። የሚጠብቀው መጋዘን የቆመው ድሮ ሽምብራ የምንዘራበት ቦታ ላይ ነው። ልጅ ሆኖ እሸት የበላበትን መሬት በዱላ ይጠብቃል። እሱ ራሱ እየሳቀ ነው የሚያወራው። እኔ አልስቅም።

መጋዘኑ አያስፈልግም አልልም። ጋሼ ተሳቢ የሚያመጡት ዕቃ የሆነ ቦታ መራገፍ አለበት። ግን ሁለት አገሮች ስለ ኮሪደር ሲፈራረሙ፣ ባንኩ ሲያበድር፣ ተቋራጩ ሲያሸንፍ፣ እኛ ቤት የመጣው ሰው አንድ ነው፤ ሜትር ይዞ የሚለካው። ከዚያ በፊት ማንም አልመጣም። ከዚያ በኋላም።

የቱሉ ነዋሪ · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡30

አራሹ ልጅ፣ እግዜር ያክብርህ ስለ ነገርከን። እኔም የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ድሮ የማን እርሻ እንደነበር አስቤ አላውቅም ማለት ውሸት ነው። አስባለሁ። እጣ ሲደርሰኝ ግን በደስታ ነው የገባሁት። ይሄን እዚህ መደበቅ አልፈልግም።

ጀሞ_ተከራይ · ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡15

ሁላችሁም ቆንጆ ቆንጆ ነገር እያወራችሁ ነው። እኔ በግልጽ ልናገር። የቤት ኪራይ ሰማይ ነክቷል። ከሱዳን፣ ከኤርትራ፣ ከየመን የመጣው ሰው በዶላር እየከፈለ እኛን እያስወጣን ነው። የጋራ ተጠቃሚነት ይሄ ከሆነ ይቅርብኝ።

መተማ · ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡02

ወንድሜ፣ የኪራዩ ምሬት ገብቶኛል፣ እኔም ተከራይ ነኝ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ።

እኔ ያደግኩት መተማ ነው። ከድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ውስጥ ካለችው ጋላባት ጋር ገበያችን አንድ ነበር። ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከትግራይ ከ60,000 በላይ ሰው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገረ። የተቀበሏቸው የሱዳን ገበሬዎች ሀብታም አልነበሩም። ውሃና ማሽላ ይዘው ወጡ። ሚያዝያ 2015 ላይ ደግሞ ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሳ፣ ሰው በመተማ በኩል ወደ እኛ መጣ። ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም። ማን አስተናጋጅ፣ ማን እንግዳ እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ኢትዮጵያ ከ1 ሚሊዮን በላይ ስደተኛ አስጠልላለች። አብዛኛው ጋምቤላ፣ ሶማሌ ክልል፣ ቤኒሻንጉል፣ ካምፕ ውስጥ ነው ያለው። ጀሞ ዶላር ይዞ የምታየው ጥቂቱ ነው። የ2011ዱ የስደተኞች አዋጅ፣ ቁጥሩ 1110፣ ሠርተው እንዲኖሩ ይፈቅዳል። ፈቃዱ በተግባር ቢቀል ብዙው ሰው እርዳታ ሳይጠብቅ ይኖራል። የኪራዩ ነገር ግን የቤት እጥረት ነው። ስደተኛው ከመምጣቱ በፊትም አከራይህ ይጨምርብህ ነበር አይደል?

ጀሞ_ተከራይ · ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡10

ይጨምር ነበር። አሁን ግን ምክንያት አገኘ።

መተማ · ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡12

እሱስ እውነት ነው።

እትዬ ቦሎቄ · ረቡዕ፣ ቀትር 7፡25

እኔ ነጋዴ ነኝ ልጆቼ፣ ሳሪስ መጋዘን ቢጤ አለኝ። ቦሎቄ ወደ ሞያሌ እልካለሁ። ስለ ትብብር ሲወራ እኔም የምለው አለ።

ድሮ ሞያሌ ላይ የእኛ ጉምሩክ ለብቻ፣ የኬንያዎቹ ለብቻ ነበር። እዚህ አራግፈህ ታስፈትሻለህ፣ እዚያ ደግሞ እንደገና። በ2013 አንድ የጋራ ኬላ ተከፈተ፣ የሁለቱም አገር ሰዎች አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ከእነሱ በኩል ደግሞ እስከ ኢሲዮሎ ድረስ አስፋልት ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ጆንያ ሲወርድና ሲጫን የሚቀደደውንና የሚፈሰውን እኔ ነኝ የማውቀው።

ግን ትልቁ ነጋዴ ባንክ አለው፣ የጉምሩክ ጉዳዩን የሚጨርስለት ትራንዚተር አለው፣ የስሪት አገር ማረጋገጫውን በስልክ ያስጨርሳል። የአፍሪካ ነፃ ንግድ ቀጠና የሚባለው ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ጸንቷል አሉ። ይጽና። እኔን መሰል ሴት የምትሞላው ቅጽ በእንግሊዝኛ ነው፣ ገንዘቧ የሚዘገየው ባንክ ነው፣ ከተጭበረበረች የምትከስበት ቦታ አታውቅም። ስለዚህ ብዙዎቻችን በደላላ ነው የምንሠራው። ትርፉም ደላላ ጋ ነው የሚቀረው።

ሌላ። በ2010 ሞያሌ ላይ ሰው ሲገደል በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ኬንያ ሸሽቶ ነበር። ያኔ ደንበኞቼ ቤታቸውን ከፍተው ሰው አስጠለሉ። ቦሎቄ ስንገዛዛ ስለኖርን ነው የሚተዋወቁት። የመንግሥታቱ ስምምነት ጥሩ ነው፣ ግን በክፉ ቀን በር የሚከፍተው የምትተዋወቀው ሰው ነው።

ኢኮ · ረቡዕ፣ ቀትር 7፡50

እትዬ፣ የጻፉትን ቀድቼ ለመምህሬ ላሳየው፣ ይፈቅዱልኛል? የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ነው።

እትዬ ቦሎቄ · ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡00

አሳየው። ደላላዬ እንዳያየው ብቻ።

ሽኒሌ_ሽኒሌ · ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡15

የጅቡቲው ውሃ የሚወጣው ከእኛ አገር ነው፣ ከሀዳጋላ። ጉድጓዱ እኛ ጋ፣ ቱቦው 102 ኪሎ ሜትር ሄዶ ጅቡቲ ይገባል። በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያደርስ ነው የተሠራው። የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ውሃውን ኢትዮጵያ ያለ ክፍያ ነው የሰጠችው።

እኔ ይሄን እደግፋለሁ። የጅቡቲ ሰዎች ዘመዶቻችን ናቸው፣ ድንበሩ በመካከላችን ነው የተሰመረው። ወደባቸውን ስንጠቀም ውሃ መስጠት ነውር የለውም። ግን ቱቦው የሚያልፍባቸው አርብቶ አደሮች ድርቅ ሲመጣ ለከብቶቻቸው ከዚያው ውሃ የሚጠጡበት ገንዳ በስምምነቱ ውስጥ አንድ ብሎ መጻፍ ነበረበት። ሽቦው ስለ ምሰሶው እንዳለው ማለት ነው።

ሰፈሩ_ጨለማ · ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡22

አባይንስ ማንም አላነሳም? ወይስ ተከልክሏል?

አወያይ · ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡30

አልተከለከለም። በጨዋ ደንብ።

ኢኮ · ረቡዕ፣ ከሰዓት 10፡05

በአጭሩ። ሕዳሴ መጋቢት 24፣ 2003 ተጀምሮ ጳጉሜን 4፣ 2017 ተመረቀ። ከብዙ ሰው ደመወዝና ቦንድ የወጣ ገንዘብ አለበት፣ ይሄን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ደግሞ ደቡብ ሱዳን ካጸደቀች በኋላ ጥቅምት 3፣ 2017 ሥራ ላይ ውሏል። ግብፅና ሱዳን አልገቡበትም። እስካልገቡ ድረስ ስምምነቱ ግማሽ ነው።

የግብፅ ገበሬ ሥጋት የሐሰት ነው ብዬ አላስብም። የእኛ ኩራዝም የሐሰት አይደለም። ድርቅ በተከታታይ ዓመታት ሲመጣ ማን ስንት ይለቃል የሚለው ላይ ቁጭ ብሎ ቁጥር መጻፍ ነው የቀረው። ከባዱም እሱ ነው።

ጋሼ ተሳቢ · ረቡዕ፣ ምሽት 12፡45

እኔ ነገ ጭነት አለኝ፣ ስለዚህ ላሳጥር። አራሹ ልጅ፣ ጽሑፍህን ሚስቴ አንብባልኝ ዝም ብዬ ቆየሁ። ወንድምህ የሚጠብቀው መጋዘን ምናልባት እኔ ያራገፍኩበት ይሆናል። ሰላም በልልኝ።

የቱሉ ነዋሪ · ረቡዕ፣ ምሽት 1፡15

አራሹ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰው "ፍትሃዊ ካሳ" ይላል። አንተ በአባትህ ቦታ ሆነህ ብትደራደር ምን ነበር የምትጠይቀው? ብር ጨምሩ ብቻ ነው?

አራሹ ልጅ · ረቡዕ፣ ምሽት 1፡50

ብር ጨምሩ አይደለም። ብር አንዴ ይሰጥና ያልቃል። መጋዘኑ ግን በየወሩ ኪራይ ይሰበስባል። ባቡሩም በየጉዞው ያስከፍላል። ከዚያ ላይ ትንሽ ነገር፣ በየዓመቱ፣ ለተነሱት ቤተሰቦች ቢመለስ ነው የምለው። ልክ እንደ እርሻው። እርሻው በየዓመቱ ነበር የሚያበላን።

ሁለተኛ ሥራ። ዘበኛ ብቻ አይደለም። ፎርክሊፍት የሚነዳ፣ መዝገብ የሚይዝ፣ ትራንዚተር የሚሆን ከእኛ ልጆች መካከል ማሠልጠን ይቻል ነበር። ሦስተኛ፣ ሜትር ይዞ ከሚመጣው ሰው በፊት የሚመጣ ሰው እፈልጋለሁ። ቡና ጠጥቶ የሚሄድ ቢሆንም።

ኢኮ · ረቡዕ፣ ምሽት 2፡10

የመጀመሪያው ሐሳብ ጥሩ ነው፣ ግን ላስቸግርህ። በየዓመቱ የሚከፈለውን ማን ነው የሚሸፍነው? ዕቃው ላይ ከተጨመረ ዘይቱ ይወደድና ጀሞ ያለው ተከራይ ነው የሚከፍለው። ከወደቡ ላይ ከተባለ ጅቡቲ አትስማማም። ከብድሩ ላይ ከተባለ ደግሞ ለልጆቻችን ነው የምናስተላልፈው።

አራሹ ልጅ · ረቡዕ፣ ምሽት 2፡17

መሬቱ ላይ የሚነግደው ይክፈል። መጋዘኑን የሚያከራየው ሰው። አባቴን ሲያስነሱት ማን ይሸፍነዋል ብሎ የጠየቀ የለም፣ ለእሱ ሲሆን ለምን ሒሳብ ይበዛል?

ጀሞ_ተከራይ · ረቡዕ፣ ምሽት 2፡20

በዚህ ከአራሹ ልጅ ጋር ነኝ። አከራይ ይክፈል 🙌

ሽቦው · ረቡዕ፣ ምሽት 2፡45

የቱሉ ነዋሪ፣ ወደ ትራንስፎርመሩ ልመልስህ፣ ይሄ እንኳን በእጃችሁ ነው። የብሎክ ኮሚቴ ካላችሁ በጽሑፍ የጭነት ልኬት ጠይቁ። ምሽት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ቅዳሜ ጠዋትም ይለካ። የጠፋበትን ቀንና ሰዓት መዝግባችሁ አያይዙ። እንጀራ የምትጋግረው ጎረቤትህ ደግሞ ለንግድ የሚሆን ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ብታመለክት ይሻላታል፣ የመኖሪያው መስመር ያንን ሁሉ ምጣድ አይችልም። ማመልከቻው ካስቸገራት በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ አብረን እንጽፈዋለን።

የቱሉ ነዋሪ · ረቡዕ፣ ምሽት 2፡52

ላኩልህ። ሁለት ምጣድ ነው ያላት፣ ሦስተኛ ልትገዛ አስባለች። ስንት ኪሎ ዋት ብለን እንጻፍ?